ዶክ ዝም ያለበት ቀን

ኦርቪል ታትልን ሁላችንም ዶክ እንለው ነበር እንጂ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። በወጣትነቱ የእሽቅድምድም ፈረሶችን እግር ሲያሽ ኖሮ፣ ፈረሶቹ ሲሸጡ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለችው የብረት ማቅለጫ ከተማችን መጣና የቤዝቦል ቡድናችንን ወርዋሪዎች ክንድ ማሸት ጀመረ።

«ቀስ በል እንጂ ዶክ፣ ፈረስ መሰልኩህ?» ሲሉት፣

«ፈረስ እንኳ እንዳንተ አይነጫነጭም» ይላቸው ነበር።

አፉ ክፉ ነው። ዓይኑ ግን አይስትም፤ አንድ ወርዋሪ ሸሚዙን ሲያወልቅ አይቶ የትኛው ጅማቱ እንደተቆጣ ይናገራል። እኔ የቡድኑ ኳስ ያዥ ስለነበርኩ፣ በዱላ ከሚመታው ተጋጣሚ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ወርዋሪዎቻችን የሚልኩትን ሁሉ እቀበል ነበር። ዶክ ተቆጥቷል ያለው ክንድ በማግስቱ የሚልከው ኳስ ደክሞ ሲመጣ በጓንቴ አውቀው ነበር።

የኮሪያ ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ በነሐሴ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሩዲ ሃላስ ይወረውር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ ማቅለጫው ውስጥ ሳንባው አልቆ ሞቷል። ሩዲ ግን ማክሰኞ ወደ ትልቁ ሊግ የሚሄድበት የባቡር ትኬት ተቆርጦለታል፤ ያ ቀኝ ክንዱ ብቻ ነበር ከእሳቱ የሚያወጣው።

ስድስት ዙር ሙሉ ከተጋጣሚዎቻችን አንድም ሰው ኳሱን በወጉ መትቶ መሮጥ አልቻለም። ዘጠኙንም ዙር እንዲህ የጨረሰ ወርዋሪ ስሙ ዕድሜ ልኩን ይነሣል። እንዲህ ባለ ቀን ደግሞ በእኛ ዘንድ ወርዋሪውን የሚያናግረው የለም። አጠገቡ አይቀመጡም፣ ዓይኑን እንኳ አያዩትም። ያናገረው ሰው ዕድሉን ሰበረበት ይባላል።

ከሰባተኛው ዙር በኋላ ሩዲ መጥቶ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። የውሃውን ኩባያ በግራ እጁ አነሣ። ዶክ አየው። ፎጣውን ይዞ ብድግ አለ።

«ዶክ፣ ቁጭ በል» አለው አንዱ በሹክሹክታ።

ዶክ ወደ እኔ ዞረ። ኳሱ ከስድስተኛው ዙር ጀምሮ መድከሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ተው ማለቴ ነው። ተቀመጠ።

ሩዲ የቀሩትን ሁለት ዙሮች ጨረሰ። ማንም ኳሱን አልመታበትም። ሜዳው ተናወጠ፤ ሁላችንም ሮጠን ተሸከምነው። እኔ ቀኝ እጁን ይዤ ወደ ላይ አነሣሁት፤ ጮኸ። ደስታ መስሎኝ ደግሜ አነሣሁት።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ዶክ ሸሚዙን በመቀስ ቀደደለት። ትከሻው ጠቁሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከስድስተኛው።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«ሁላችሁም ስትሸሹኝ ምን ብዬ ልጀምር?» አለ ሩዲ። ቀና ብሎም፣ «ዶክ፣ ውሃውን በግራዬ ስጠጣ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

ማክሰኞ ባቡሩ ያለ ሩዲ ሄደ። በጥቅምት ማቅለጫው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይወጣም። ከተማው ያን ጨዋታ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብራል።

ዶክ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ጨዋታው የቱንም ያህል የተቀደሰ ይሁን፣ በየዙሩ ወርዋሪው ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ክንድህ እንዴት ነው?» ይላል። ተጫዋቾቹ ጠሉት። «ይሄ ሟርተኛ ሽማግሌ!» ይሉታል። ዶክ ግን ጠይቆ ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞር ብሎ ያየኛል።

ከአምስት ዓመት በኋላ እኔ የቡድኑ አሠልጣኝ ሆንኩ። አንድ ቅዳሜ ሌላ ወርዋሪ ልጅ ኳሱ ሳይመታበት ሰባት ዙር ጨረሰ። ዶክ ተነሣ።

«ዛሬ እንኳ ተወው» አልኩት።

«ዛሬም ተው ትለኛለህ?» አለና ሄዶ ጠየቀው።

«ደህና ነው ዶክ፣ ምንም አላለኝም» አለ ልጁ። ወጣ፤ የመጀመሪያውን ኳስ መቱት። ተጫዋቾቹ ጓንታቸውን መሬት ላይ ወረወሩ።

በማግስቱ ዶክን አባረርኩት። ለተጫዋቾቹም ለጋዜጠኛውም ዕድላችንን ሰበረ አልኳቸው፤ አመኑኝ። የልጁ ክንድ ደህና ነበር፣ ለዓመታትም ወረወረበት። እኔ ዶክን ያባረርኩት ጠይቆ ሲጨርስ ወደ እኔ የሚያዞረውን ያን ዓይኑን ሌላ አምስት ዓመት መቻል ስላቃተኝ ነው።