በሃምሳው የሚጾመው ሰው

ረኃቡ አልፎ፣ አብዮቱ በገባ በዓመቱ፣ መካነ ሰላም ያለ ሰው ሁሉ ሥጋ መያዝ ሲጀምር፣ አልታዬ ጠላ ቤት የሚመጣው እንግዳ ሰው ብቻ እንደከሳ ቀረ። ኮቱ ሁለት ሰው ይይዛል፤ የአንገቱ ቆዳ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል። ኪሱ ውስጥ ቋጠሮ ያላት ሲባጎ አለችው፤ ወደ ግድግዳ ዞሮ ወገቡን ይለካባታል። ከቋጠሮዋ ካለፈ ያን ቀን ምሳ የለም።

«ጋሼ፣ ገንፎ ይቅመሱ እንጂ» ትለዋለች አልታዬ።

«ጾም ላይ ነኝ፣ እቴ።»

«በሃምሳው? ቄሱ እንኳ ዶሮ እየበሉ!»

«የስለት ነው።»

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበር ታጣቂ ገባ። «ከጃማ የጠፋ ባላባት እንፈልጋለን፤ በበር የማያልፍ ወፍራም ነው» አለ። ሰውዬውን አየት አድርጎ፣ «ይሄንንስ ረኃቡ ጨርሶታል» ብሎ ወጣ።

አልታዬ የሞላውን ጣሳ ከሰውዬው ፊት አነሳች።

«ጋሼ፣ ጠላም ያወፍራል» አለችውና ውኃ ቀዳችለት።