የሃዎ ድስት ከሠርግ ሲመለስ

ድሬ ላይ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለራሱ ወገን፣ አንዱ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ። በነምበር ዋን ሰፈር የሙስሊሙ ድስት አደራ የሃዎ ነበር። ፍየሎቹን ከነነፍሳቸው ትረከባለች፤ ወንድሟ ዲሪዬ ያርዳል፤ እሷ በራሷ ድስትና በራሷ ጭልፋ ትሠራለች። ከዚያ በርጩማዋን ስባ ድስቷ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሠርጉ እስኪያልቅ ንቅንቅ የለም። እሷ “ብሉ” ካለች ሼኹም ይበላሉ።

ሰይፈ ሚካኤል ይህን አሳምሮ ያውቃል። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እናቱ አሰገደች ሥራ ስትውል ሃዎ ደጃፍ ላይ፣ በሶማሊኛ “ሆዮ”፣ እናቴ እያላት ነው ያደገው። ባያውቅ ኖሮማ ማን ይፈርድበት ነበር?

ከቀበሌ ኪነት ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። በየሳምንቱ በሚታይ ተከታታይ ድራማ ላይ ሚስቱን የሚያሰቃይ ባል ሆኖ ሲሠራ አገር አወቀው። አልቅስ ሲሉት ያለ ሽንኩርት ያለቅሳል። ክፋቱ ከማማሩ የተነሣ አንዲት እናት ታክሲ ውስጥ በዣንጥላ መትተውታል። ዝናው ሲጨምር ግን ጠባዩ ቀነሰ፤ ቀረጻ ይቀራል፣ ከዳይሬክተር ይጣላል። ቢያስመርራቸው ደራሲዎቹ በመኪና አደጋ ገደሉት፤ ተመልካች ሲያኮርፍ ጊዜ ደግሞ “ሞቶ አልነበረም” ብለው መለሱት። ይሄ ሁሉ ተወራ፣ ተረሳ። ያልተረሳው የኋለኛው ነው።

አንድ የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። ከጎኑ የተቀመጠው ኮሜዲያን አዳራሹን በሳቅ ሲገድለው የእሱ ጨዋታ ውኃ ውኃ አለበት። ጨነቀው። አዘጋጁ የልጅነት ጥፋቱን ሲጠይቀው፣ “ሃዎ የምትባል ጎረቤታችን ድስቷ አጠገብ እንቅልፍ ሲጥላት የክርስቲያኑን ወጥ ገለበጥኩባት፤ ሼኾቹ ጣታቸውን እየላሱ በሉት” አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከወሬው አንዲት ፍሬ እውነት አልነበረባትም። ሃዎ በዕድሜዋ ድስት አጠገብ አንቀላፍታ አታውቅም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቪዲዮዋ በየስልኩ ዞረች፤ ድሬም ደረሰች። እሱ ፌስቡክ ላይ “ቀልድ ነው” ብሎ ጻፈ። ለሃዎ ግን አልደወለም። ምን ብሎ? ስልኩን ባነሣ ቁጥር ኀፍረት እጁን ይይዘዋል።

እህቱ ዮርዲ ስታገባ መቅረት አልቻለም። ቆቡን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ድንኳኑ ገባ። ሃዎ በርጩማዋ ላይ አለች። “ማን ይበላልኛል?” ብትል፣ አሰገደች “አንቺ ካልሠራሽማ ልጄን አልድርም” ብላ ለምና ነው ያመጣቻት።

የድሬ ሰው አያሳፍርም፤ ያ ነው የባሰው። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረም። “አቦ ጠግቤያለሁ”፣ “ሆዴን ትንሽ ነካ አድርጎኛል” እያሉ ሙስሊሞቹ እንግዶች ሩዝና ሰላጣ አነሡ። የሃዎ ድስት እንደተከደነ ቀረ። እሷም ጭልፋዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሰይፉ ይህን ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከዲጄው ማይኩን ተቀበለ።

“ዋሽቻለሁ” አለ። “ድስቱን አልነካሁም። ሃዎም አልተኛችም። ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው ስሟን ያጠፋሁት።”

ከመነጽሩ ሥር እንባው ወረደ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማንም ሳያዘው አለቀሰ። ድንኳኑ አጨበጨበ።

“አቦ ይችላል እኮ” አለ ባለሱቁ ጎረቤታቸው አብዲራሺድ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ። “ሰይፉ፣ እስቲ ያቺን ድገማት፤ አልቀዳኋትም።”

ክዳኑን ግን የከፈተ የለም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሃዎ ሙሉ ድስቷን ልታነሣ ጎንበስ አለች። ሰፈሩን ከለቀቀች ወዲህ ቤቷ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ሰይፉ ሮጦ ደረሰ።

“ሆዮ፣ ተይው፣ እኔ ላድርስልሽ።”

“የኔን ድስት ብቻህን አትይዝም” አለችው። “ከእንግዲህማ።”

አንዱን ጆሮ እሷ፣ አንዱን እሱ ይዘው ወጡ። ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ወጥተው የጫት ገበያው ጋ ሲደርሱ ሻጮቹ ዞረው አዩአቸው። ሙሉ ድስት ከሠርግ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰይፉ በባዶ እጁ ቆቡን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

ሃዎ ቆመች፤ ድስቱን መሬት አስቀመጠች።

“አውልቀው” አለችው። “መነጽሩንም። ስታስቃቸው ፊትህን አሳይተሃቸው የለም? አሁንም ይዩት።”

ቆቡንም መነጽሩንም አውልቆ ኪሱ ከተተ። ድስቱን አነሡና በገበያው መሐል፣ ቀስ እያሉ አለፉ።