አጎቴ ያላስተማሩኝ ማዳቀል

አጎቴ ማንጎ ማዳቀል ለታናሽ ወንድሜ አስተማሩት፤ እኔን ከለከሉኝ። በደሉ ይሄው ነው። ኮምቦልቻ ባለው ችግኝ ጣቢያቸው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በፕላስቲክ አፈር ስሞላ፣ እሱ ጎናቸው ተቀምጦ ቀንበጥ ይቆርጥ ነበር። በጠየቅኳቸው ቁጥር «የአንተ እጅ ይቸኩላል» ይሉኛል።

በጎልማሳነቴ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብኩት፣ በተዳቀሉት ችግኞች ላይ የተንጠለጠለውን የወንድሜን ስም ነው። ቅናት አንጨረጨረኝ። ተደብቄ አንድ አዳቀልኩ፤ የቀንበጡን ቅርፊት ከችግኙ ቅርፊት ሳላጋጥም በላስቲክ ጠቀለልኩትና ደረቀ። አጎቴ አይተው ሳቁ።

«ወላሂ፣ አፈር አሞላልህ ግን አንደኛ ነው!»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲሞቱ ወንድሜ አምርሮ አለቀሰ። በለቅሶውም ቀናሁበት፤ የእኔ እንባ እምቢ አለ። ከቀብሩ በኋላ ካራቸውን አቀበለኝ።

«አያ፣ ቁጭ በል። ቅርፊቱ ሳይገጥም እንዳታስር።»

«እሳቸው አልፈቀዱልኝም።»

«እኔ ፈቀድኩልህ። አሁን ዝም ብለህ ቁረጥ።»

አምስት አዳቀልኩ፤ አራቱ ደረቁ። አንዱ ቅጠል ሲያወጣ ደንግጬ «አጎቴ፣ ይምጡ ይዩት!» ብዬ ተጣራሁ። የችግኞቹ ዳስ ውስጥ ማንም የለም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩላቸው፤ አውፍም አልኳቸው፤ በደሉን ይቅር አልኩ። ቀኑ ሰው ከረመዳን በፊት አውፍ የሚባባልበት የሻዕባን ወር የመጀመሪያው ጁምዓ ነበር።