ወደ ግራ ያዘነበለችው መኪና

ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ዓይናማው» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ሹፌሮች ናቸው። ከመኪና ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካየ፣ የትኛው ሞላ እንደደከመ፣ የትኛው ጎማ እንደተጣመመ ክሪክ ሳያስገባ ይናገራል። እኔ ጋራዡ በር ላይ ካለችው ጠባብ ሱቄ ብሎንና ጎሚኒ የሚባለውን የመኪና እግር ላስቲክ እየሸጥኩ ስመለከተው ኖሬአለሁ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ፊት ለፊት አላሞግሰውም፤ ሳላሞግሰውም ልቡ አብጧል። እውነቱን ለመናገር ግን እኮራበት ነበር።

ጋራዡ ጠባብ ነው፣ ኮሪደር በሉት። መኪና ሁሉ በፊቱ ይገባል፣ በኋላ ማርሽ ይወጣል። ወለሉን ሲሚንቶ ያስፈሰሰው ወንድሜ ራሱ ነው፤ በውሃ ልክ የለካውም እሱ ነው። «ከዚህ ወለል የቀና ነገር ካገኛችሁ አሳዩኝ» ይላል ለመጣ ለሄደው። ሲሚንቶው ከደረቀ ግን ስንትና ስንት ዘመኑ።

አንድ ቀን የአንድ ነጋዴ መኪና መጣች። ሹፌሩ በዕድሜ የገፋ፣ ከርጋታው የተነሳ ሌሎቹ «የሙሽራ አጃቢ» እያሉ የሚያሾፉበት ሰው ነው። የኋላ ጎማዎቿ ያለ ወጉ እየተበሉ ስላስቸገሩ ነጋዴውም አብሮ መጥቷል። ወንድሜ እንደ ልማዱ ከኋላዋ ቁጢጥ አለ። መኪናዋ ወደ ግራ አዘንብላለች። በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ጣቶቹን አስገብቶ ለካ፤ ግራው ጠበብ ይላል። ከፓራፋንጎው ላይ ክብደት የታሰረበትን የቱንቢ ክር አንጠለጠለ፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አናታቸውን ወደ ግራ ጣል አድርገዋል።

«ይቺ ተመትታለች» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የሆነ ድንጋይ ወይ የመንገድ ጠርዝ ላይ ወጥታለች። ሞላ ደክሞ ብቻ እንዲህ አይሆንም።»

«ኧረ እኔ የመታሁት ነገር የለም» አለ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዋሹ አልወጣኝም። መኪና ግን አይዋሽም።»

በሩ ላይ የቆሙት ሹፌሮች በሳቅ ፈነዱ። ነጋዴው አልሳቀም፤ ሹፌሩን አፍጥጦ አየው። ወንድሜ ከግራው ሞላ ሥር ማስደገፊያ ጨመረ፣ ጎማዎቹን በቱንቢው ልክ አቃና፣ መኪናዋንም ሸኛት። ብዙም ሳይቆይ ሹፌሩ ከሥራ ተባረረ ሲባል ሰማን።

ወራት አለፉና መኪናዋ ተመልሳ መጣች። ጎማ መብላቷ ጭራሽ ብሶባታል። አዲሱ ሹፌር ጎረምሳ ነው፤ ጉራውን ሊነዛ ነው መሰለኝ፣ እንደ ሰው በፊቷ ማስገባት ሲችል በኋላ ማርሽ አንደርድሮ ከተታት። ወንድሜ ተሹለክልኮ ወደ ኋላዋ አለፈና ቁጢጥ አለ። ወደ ቀኝ ወድቃለች! ይህን ለማየት ዓይናማ መሆንም አያስፈልግ፤ እኔም ከሱቄ ሆኜ አየሁት።

«አውጣና በፊቷ አስገባት» አለው።

አዙሮ አስገባት። አሁን ደግሞ ቀና ብላ ቆመች፣ ማዘንበል የለ።

ወንድሜ ብድግ አለ። በጣሳ ውሃ ቀድቶ ወለሉ መሃል ላይ ደፋው። ውሃው ሳያመነታ ሲገቡ በግራ ወዳለው ግድግዳ ሄደ። በዚያ ግድግዳ ሥር የሚያልፈው ቧንቧ እንደሚያፈስ ስንቴ ነገርኩት፤ «ነገ» እያለ ነው የኖረው። መሬቱ ከሥር እየራሰ፣ የዚያ ወገን ወለል እሱ ቆሞበት ቀስ በቀስ ሰጥሟል።

መኪናዋን ውጪ ለጥ ያለው አስፋልት ላይ አስወጣና የጨመረውን ሁሉ አውልቆ እንደገና መረመራት። የተመታ ነገር የለም። ጎማውን ሲያስበላት የኖረው፣ እኔ ከመደርደሪያዬ በየቀኑ አውርጄ የምሸጠው ዓይነት ጎሚኒ አርጅቶ ነው።

ሱቄ ገብቶ ወንበሬ ላይ ዘጭ አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እትዬ፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!»

«እሷማ የበኩሏን አድርጋለች» አልኩት፤ ተናድጄ ነበር። «ይልቅ ተነስ፣ ሰውየው ቤት እንሂድ።»

አፍሬ ነበር፤ በእሱም፣ በእሱ በኮራሁት በራሴም።

ሹፌሩን ያገኘነው ግቢው ውስጥ፣ እግሩ የተነቀለ በርጩማ ላይ ሚስማር ሲመታ ነው። ሚስቱ ከክት ወንበሮቿ ሁለቱን አወጣችልን። ወንድሜ አልተቀመጠም። ወለሉን፣ ውሃውን፣ ጎሚኒውን፣ ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ተናዘዘ። ሰውየው መዶሻውን እንደያዘ ሰማው።

«እኔኮ» አለ በመጨረሻ፣ «አንተ ካልክማ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ። ዝናብ የጣለ ቀን ነው፣ ወይስ ያ መንገድ የተቆፈረ ጊዜ? ብቻ መትቻት መሆን አለበት አልኩ። ሄጄ ነጋዴው እግር ላይ ወደቅኩ። ‹ደብቄህ ነው፣ ይቅር በለኝ› አልኩት።»

ሚስቱ ፊቷን አዞረች።

«ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሥራ ሰጥቶኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እጄን አላምነውም።»

የወንድሜ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይነሱልኝ። አሁኑኑ ነጋዴው ዘንድ አብረን እንሂድ። እርስዎ ባሉበት ጥፋቱ የኔ ነው እለዋለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሰውየው በርጩማውን ገለበጠና እግሩን ነቅነቅ አድርጎ አየው።

«አንተ ሂድ» አለው። «እኔ ይቅርታውን ጠይቄ ጨርሻለሁ።»