ቦንጋ ያደረው ነጭ ማሽን

ቅዳሜ ከሰዓት ሚዛን ከተማ ላይ ዝናብ ሲይዝ ገበያተኛው በየበረንዳው ይጠለላል እንጂ ብርጭቆ ልግዛ ብሎ የሚገባ የለም፤ እኔም ከእናቴ በወረስኩት ሱቅ ውስጥ፣ ያልተፈታ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች በየሳምንቱ ስለ ቪዲዮ ጌም የሚያወሩትን እሰማለሁ። መጀመሪያ የሳምንቱን ዜና ያወራሉ፦ የትኛው ኩባንያ የትኛውን ገዛ፣ የትኛው ሠራተኛ ቀነሰ፣ የትኛው ጌም እንደገና ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ከዚያ ታሪክ ይቀጥላሉ። እኔ ጆይስቲክ ከነካሁ ዘመን ሆኖኛል። ሠላሳን የዘለለች፣ ሳህንና ትሪ የምትሸጥ ሴት ቁጭ ብላ የጌም ወሬ ትሰማለች ቢባል ይሄ ሰፈር ለስንት ሳምንት መሳቂያ ባገኘ ነበር! ግን ምን ላድርግ፣ ቅዳሜ ያለ ጌም ወሬ አይመሽልኝም።

ባለፈው ሳምንት እየሰማሁ የሻይ ብርጭቆ ካርቶን እፈታ ነበር። አሁን አሁን ብርጭቆ የሚመጣው በላስቲክና በስፖንጅ ታሽጎ ነው፤ ያን ቀን ግን እንዳጋጣሚ ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ በአሮጌ ወረቀት ጠቅልሎት ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ሳወጣ ያ እርጥበት የጠጣ ወረቀት፣ የቀለምና የጭድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። በዚያው ቅጽበት ጎርናና ድምፅ ያለው ልጅ "የዛሬው ታሪካችን ስለ አንድ ነጭ ማሽን ነው" አለ፤ ቆንጆ፣ ከዘመኑ የቀደመ፣ ግን ዕድሜ ያልነበረው፤ ወጣ፣ ተወደደ፣ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው አላዋጣኝም ብሎ መሥራቱን ተወው። ዓመቱንም ጠራ። እኔ በጣቴ ወደኛ አቆጣጠር መለስኩት፤ አላመንኩምና ደግሜ መለስኩት። ያ ማሽን፣ እኛ እዚህ በጉጉት ስንጠብቀው በነበረ ጊዜ፣ ከሞተ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ከመናኸሪያው በላይ ያለውን የቤታችንን የፊት ክፍል ለሁለት ከፈለችና ግማሹን የዕቃ ሱቅ አደረገችው፤ ግማሹን ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ያሬድ ለምኖ፣ አልቅሶ፣ በመጨረሻም አኩርፎ ጌም ቤት አደረገው። ጌም ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፦ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን፣ ሲዲ እንዲያነብ ተገልብጦ በጀርባው የሚተኛ አንድ ግራጫ ማሽን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የጌሙ ድምፅ አይሰማም፤ ቀዩ ጭቃ ከነጫማው ይገባል፤ ከጎረቤት ግቢ የተሰጣው ቡና ሽታ ከልጆቹ እርጥብ ሹራብ ሽታ ጋር ተደባልቆ ክፍሉን ይሞላዋል። የሰፈራችን ኦርቶዶክስ እናቶችና ጴንጤ እናቶች በብዙ ነገር ባይስማሙም፣ ጌም ቤት የሰይጣን ቤት መሆኑ ላይ ግን ልዩነት አልነበራቸውም።

መብራት ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት መሄድ ይወዳል። ያሬድ ወሬውን የጀመረው መብራት ሲሄድ ልጆቹ እንዳይበተኑበት ብሎ ነው። ለእናቴ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ብርጭቆ ያኔ በውጭ አገር መጽሔት ገጽ ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው፤ ነጋዴው ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ፣ አብዛኛው ስለ ጌም የሚያወራ መጽሔት ነበር። ብርጭቆ መፍታት የኔ ሥራ ነው። ገጹ እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ እፈታና ፍራሽ ሥር አስተኝቼ አቃናዋለሁ፤ ያሬድ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገለ ያነበዋል፤ ከዚያ ቅዳሜ መብራት ሲሄድ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ አውጥቶ "ጤና ይስጥልኝ፣ የሳምንቱ የጌም ዜና" ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሥዕሉን ወደ በሩ ብርሃን አዞርና ለሁሉም አሳያለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ የተከበርኩበት ሥራ ግን የለም።

ከዜናው ቀጥሎ ታሪክ ነበረ። ከዓለም የመጀመሪያ ጌሞች አንዱ ሁለት መስመርና አንድ ነጥብ ብቻ እንደነበር ያሬድ ሲነግረን፣ ከጌም ቤቱ የማይጠፋውና ጥያቄ የማያልቅበት የሸኮው ልጅ ማርቆስ "ታዲያ ምኑን ነው የሚያዩት?" ብሎ የምር ተናደደ። ዛሬ ስሙ የገነነ አንድ ኩባንያ ድሮ የመጫወቻ ካርታ ይሸጥ ነበር የተባለ ቀን ደግሞ ማርቆስ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው፤ እሳቸውም "ድሮም ቁማር ነው ብዬ ነበር!" ብለው ሁለተኛ እንዳይሄድ ከለከሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጓሮ በር መጣ። ወሬው እንዲህ ስለጣመ ልጆቹ መብራት እንዲሄድ መመኘት ጀመሩ፤ አንድ ቀን እንዲያውም መብራት ተመልሶ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ አንድም ሰው አልዞረም።

ነጩ ማሽን የመጣልን ከደርዘን የሻይ ብርጭቆ ጋር ነው። ሙሉ ገጽ ሥዕል፣ ከላዩ በቅርብ ቀን ይወጣል የሚል ጽሑፍ። ገጹ ግርጌ ላይ የታተመው ዓመትና ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው ካላንደር ያለው ዓመት አንድ ነበር። አንድ! የፈረንጅና የእኛ አቆጣጠር በሰባት በስምንት ዓመት እንደሚለያይ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ተፈትነንበታል፣ እኔ እንዲያውም ደፍኜበታለሁ፤ ግን ቁጥሩ ዓይናችን ሥር ሆኖ ማን ይጠራጠር? መጽሔቱ ሁለት ሺህ ሊገባ ነው እያለ ይፈነድቃል፤ የእኛም ከተማ ሚሌኒየሙ ሊገባ ነው ተብሎ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ተማሪው መዝሙር ያጠናል። ዓለም ሁሉ ከሚዛን ጋር እኩል የሚራመድ መስሎን ነበር። ክረምቱ ላይ አንድ ገጽ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተሮች ሊበላሹ ይችላሉ ቢል፣ ያሬድ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግራጫውን ማሽን ከሶኬት ነቅሎ፣ በእናቴ ጋቢ ጠቅልሎ፣ አልጋ ሥር አስተኛው። እናቴ ጋቢዋን ፈልጋ ፈልጋ እዚያ ስታገኘው የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። በማግስቱ ማሽኑ ተሰክቶ እንደ ወትሮው ሲበራ ግን እሷም ከሱቋ ብቅ ብላ እልል አለች።

ያሬድ ቃል ገብቶልን ነበር። የቡና ለቀማው ደርሶ ገበያው ሲሞቅ፣ እናቴ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ አብሯት ሄዶ ነጩን ማሽን ይዞ ይመጣል። ከቴፒ፣ ከማሻ፣ ከቱም ድረስ ሰው ሊያየው ይመጣል። የሄዱ ቀን ልጆቹ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት። የተመለሱ ቀን ደግሞ እዚያው ጠበቁት፤ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ካርቶን በወረደ ቁጥር ማርቆስ "ይሄ ነው? ይሄ ነው?" ይላል። ብርጭቆ ነው፣ ትሪ ነው፣ የሰው ፍራሽ ነው። ያሬድ ከሁሉም በኋላ ወረደ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ እኔ ልጅ ነበርኩና መኪና አሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ልጆቹን አንድ በአንድ አየና "ጅቡቲ ደርሷል" አለ። "መርከብ ላይ ነው፤ እስኪራገፍ ነው።"

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የነጩ ማሽን ጉዞ የዜናው መደምደሚያ ሆነ። አንድ ሳምንት ወደብ ላይ ወረፋ ይዟል ይለናል፤ ሌላ ሳምንት አዋሽን ተሻገረ፤ ጅማ ገባ፤ ጎጀብ ድልድይ ጋ የጫነው መኪና ጎማ ፈነዳ። ሥዕል ማሳየት ግን ቀረ። ወረቀቱን አጣጥፎ እሱ ብቻ ይይዘዋል፤ እኔን "ገኒ፣ አንቺ ዛሬ ቁጭ በይ" አለኝ፤ ሥራዬን ስለነጠቀኝ አኮረፍኩት። በመጨረሻ ማሽኑ ቦንጋ ደረሰና ናዳ መንገድ ዘግቶበት እዚያው አደረ። አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ። ልጆቹ አልተቆጡም፤ የዚያን መንገድ ጭቃ የማያውቅ ማን አለና! ይልቅ በሰፈራችን የዘገየ ነገር ሁሉ "ቦንጋ አድሯል" መባል ጀመረ፤ የመምህሩ ደመወዝ ቦንጋ አድሯል፣ ሽማግሌ እልካለሁ ያለው ወጣት ቦንጋ አድሯል። ዛሬም ከየት እንደመጣ ሳያውቁ የሚሉት አሉ።

ከዚያ ስልክ መጣና ጌሙ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ገባ። ማርቆስ ማሻ ተቀጥሮ ሄደ፤ ሌሎቹ ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ የት እንደደረሱም የማላውቃቸው አሉ። ያሬድ ስንቱ እንዳደረገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜም እሑድም አይዘጋም። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ቤቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። ጌም ቤት የነበረው ክፍል አሁን ካርቶን ማስቀመጫ ነው፤ አግዳሚዎቹም አሉ፣ ሳህን ተደርድሮባቸዋል። መብራት ሲሄድ አሁንም ጆሮዬ ያን "ጤና ይስጥልኝ" ይጠብቃል። ብቻዬን ነኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

እና ባለፈው ቅዳሜ ብርጭቆውን አስቀምጬ ደወልኩለት። ከበስተኋላው ደንበኛ ይጮሃል፣ መስመሩ ይቆራረጣል።

"ያሬዶ፣ ያ ነጩ ማሽን እኛ ስሙን ሳንሰማ ሞቶ እንደነበር ታውቃለህ?"

ሳቀ። "አዲስ አበባ ባለሱቁን የጠየቅሁ ቀን አወቅሁ፣ ገኒዬ። ገጹን ባሳየው ሰውየው 'ወንድሜ፣ ይሄኮ የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ተዝካሩ ወጥቷል' አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"ቅዳሜ ሲደርስ ምን ልበላችሁ?"

ከዚያ በኋላ ሲያነብልን የነበረው ገጽስ ምን ነበር ብዬ ብጠይቀው የሳሙና ወረቀት ነበር አለኝ። የሳሙና ወረቀት! ያን ሁሉ ወደብ፣ ያን ሁሉ ድልድይ፣ ያን ሁሉ ናዳ ከሳሙና ወረቀት ላይ ነበር የሚያነብልን። እውነቱን ብቻህን ይዘህ እንዴት አልከበደህም አልኩት።

"ምን ብቻዬን? ሁላችሁም እዚያው ነበራችሁኮ" አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ብቻ መሆንስ እዚህ ነው። አሁን እነማን አሉ? ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም አይመጣም?"

ክፍሉን አየሁት። ካርቶን፣ ሳህን፣ በበሩ የሚታይ ዝናብ።

"ይመጣሉ እንጂ" አልኩት፤ ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም። "ማርቆስ ከማሻ መጥቶ ይኸው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ የት ደረሰ ይልሃል።"

"ምን አልሽው?"

"ቦንጋ አድሯል አልኩት።"

ወንድሜ ሳቀ። ረዥም ሳቅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቅ አልመሰለኝም።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ አልቀረም፣ መብራቱም ሄዷል። የአዲስ አበባ ልጆች የሳምንቱን ወሬ ጀምረው ነበር፤ ትኩስ ነው፣ እውነት ነው፣ ትናንት የሆነው ዛሬ እዚህ ሚዛን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ያኔ ዜናው ሰባት ዓመት ያረጀ ነበር፣ አግዳሚው ግን መቀመጫ አይገኝበትም ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ፤ ያሬድ ነው። በዚህ ሰዓት ደውሎ አያውቅም፤ ገበያው የሚደራበት ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

"እህሳ፣ ዛሬ እነማን መጡ?" አለኝ።

ያውቃል። የሳሙና ወረቀት ሲያነብ የኖረ ሰው፣ የሳሙና ወረቀት ሲነበብለት አይጠፋውም። ግን ጠየቀኝ፤ ሱቁን ትቶ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሳህኖቹን ከአግዳሚው ላይ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩ። ከዚያ ከማርቆስ ጀምሬ፣ ጅማ የሄዱትንም፣ የት እንደገቡ የማላውቃቸውንም፣ በበሩ በኩል ከተቀመጠው እስከ ቴሌቪዥኑ ሥር እስከሚቀመጠው፣ ሁሉንም በየስማቸው ጠራሁለት፤ አንድም አላስቀረሁም።