ጋሽ ተካ አልረሱም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይሄን ግን አልነገርኳቸውም። ለባሌም ለእህቴም ተንፍሼ አላውቅም። ዛሬ የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ራሴን መስማት ስለሰለቸኝ ነው።

ልደታ ማርያም አጠገብ የልጆች ልብስ ሱቅ አለኝ። ዕቃ ለማምጣት ባንኮክ ስለምመላለስ፣ ሰፈራችን ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር "እሷን ጠይቋት" ይላል። እኔም መጠየቅ ደስ ይለኛል። የዕድራችን ጸሐፊ ጋሽ ተካ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ወደዚያው ሲነሱ፣ ልጃቸው ትዕግሥት አብሬያቸው እንድሄድ ለመነችኝ። ባንኩ የፈቀደላቸውን ዶላር በካርድ እንዲያስሞሉ የመከርኩትም እኔ ነኝ። "ካርድ ካለ ምን ችግር አለ?" አልኩ። ራስ ሳይጠና ጉተና!

ሆስፒታል ክፍያ ላይ ስንደርስ ማሽናቸው ካርዱን አልቀበልም አለ። ጥሬ ገንዘብ አውጥታችሁ ኑ ተባልንና ምድር ቤት ወዳለው ኤቲኤም ወረድን። ጋሽ ተካ ዓይናቸው ስለተጋረደ ቁጥሩን የምነካው እኔ ነበርኩ። "የሚስጥር ቁጥሩ የትዕግሥት የልደት ዓመት ነው፤ 1969" አሉኝ። ጥርት አድርገው ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ጠዋቱን ሙሉ የሆስፒታሉን ቅጽ ስሞላላቸው፣ ያገኘሁትን ቀን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለውጥ ነው ያረፈድኩት። የውጭ አገር ማሽን የእኛን ዓመት ከየት ያውቃል አልኩ በሆዴ። ስምንት ዓመት ጨምሬ ነካሁ፤ እምቢ አለ። ሰባት ጨመርኩ፤ እምቢ አለ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፣ እኔ ይብስ እናደዳለሁ። ተሳስቼ ነክቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ስምንት ጨመርኩ። ካርዱን ዋጠው።

እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ማሽን ምን ዘመን ይቆጥራል? የሚያውቀው የተሰጠውን አራት ቁጥር ብቻ ነው! ይሄ እንዴት ጠፋኝ? ማንስ አስተካክይልኝ አለኝ?

"ምነው ልጄ፣ በእኛው አቆጣጠር አልነካሽም እንዴ?" ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ። "አጠፋሁ ጋሼ" ብል ምን እሆን ነበር? ይቆጡኝ ነበር? እሳቸው ቁጣ አያውቁም። ግን ሰፈር "ታውቃለች" ያለኝ ሴት ነኝና "እንዳሉኝ ነው የነካሁት" አልኳቸው። እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ለትዕግሥት ደወልኩና "ቁጥሩ ጠፍቷቸው ካርዱ ተዋጠ" አልኳት። ያልኩትን ሁሉ ሰሙ። ስልኩን ስዘጋ "እንግዲያው እኔ ተሳስቼ ይሆናላ" አሉ።

ሕክምናው ትዕግሥት በዘመድ በኩል ባስላከችው ገንዘብ ተደረገ፤ ዓይናቸውም በራ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ በወደድኩ። ከተመለስን በኋላ ግን ትዕግሥት ጡረታቸውን ራሷ መቀበል ጀመረች፤ ብቻቸውን ታክሲ እንዳይሳፈሩም ከለከለቻቸው። ወሬው ዕድሩ ጋ ደረሰ። የአባላቱን ስም ከነቤተሰቡ በቃላቸው የሚያውቁት ሰው "ጋሼ ይረፉ፣ መርሳት ጀምረዋል" ተባሉ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል እኔም አወጣሁ። እኔ! የዋሸሁት እኔ፣ እጄን ያወጣሁትም እኔ! እሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው "ልክ ናችሁ፤ የገዛ ልጄ የተወለደችበትን ዓመት የረሳሁ ሰው ነኝ" ብለው ማኅተሙን አስረከቡ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት እኔ አፍኜው በየት በኩል ይጠራል? አንዳንዴ "ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ መርሳታቸው አይቀርም" እላለሁ። እንዲህ ያለ ምክንያት ይዤ ከመጣሁ አትስሙኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሽ ተካ እጄን ያዙኝ። ስለ ዓይናቸው ሊያመሰግኑኝ ነው። "አንቺ ባትኖሪ ኖሮ በሰው አገር ምን ይበጀኝ ነበር? እግዚአብሔር በእርጅናሽ የሚደግፍሽ ሰው አያሳጣሽ፤ አንቺ እኔን እንደደገፍሽኝ" ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።