ለእንግዳ የተሞላው በርሜል

ወርቅአየሁ የተወለደችው እንጦጦ ሥር፣ ከየካ ዳገቶች በአንዱ ላይ ነው። ሰፈሩን ሰው ሁሉ ላይ ሰፈር ይለዋል። እሷ ልጅ ሳለች ከባሕር ዛፍ በቀር የሚበዛ ጎረቤት አልነበራቸውም። ኋላ ከተማው ራሱ ዳገቱን እየወጣ መጣባቸው። መብራት ገባ፣ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ የውሃ ቱቦም ተዘረጋ። ውሃው ግን ከቱቦው ጋር አልመጣም። ሰፈሩ ከፍታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ አይደርስም፤ ቧንቧው ሲከፈት ደረቱን እንደታመመ ሰው ያስላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ስለዚህ የላይ ሰፈር ሰው ውሃ የሚቀዳው ከዳገቱ ግርጌ ካለው ቦኖ ነው። ተሰልፎ፣ ቀድቶ፣ ቢጫውን ጀሪካን አዝሎ ሽቅብ። ወርቅአየሁ በዚህ ዳገት እየተመላለሰች ልጅ አሳደገች፤ ባሏን አባይነህን አስታመመች፣ ቀበረች። ጥጥ እየፈተለች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ታስረክባለች፤ ኑሮዋ ከዚያ ነው። ማማረር አታውቅም። እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ። ይህን ለወግ ያህል አትለውም። ለዛሬ ያደረሰ አምላክ ፊት ቆሞ ይህ ጎደለኝ ያ ቀረብኝ ማለት ያሳፍራት ነበር።

አምና ወገቧ እምቢ አለ። በጤና ጣቢያ ያየቻት ሐኪም ከእንግዲህ ከባድ ነገር መሸከም እንደሌለባት አስጠንቅቃ መለሰቻት። መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጇ ሀሴት ይህን ስትሰማ ነገሩን ቆረጠችው፤ ውሃው ወደ ላይ ሰፈር ካልወጣ እናቷ ቤቷን ዘግታ መሪ ትገባለች። ወርቅአየሁ እሺ አለች። እሺታው ግን ከአፏ አላለፈም። ቤቷን አባይነህ ጭቃውን እየረገጠ፣ እሷ ጭዱን እያቀበለች ነበር ያቆሙት። ደብሩ ከደጇ ነው፤ ቅዳሴው ቤቷ ድረስ ይሰማታል። ይህን ሁሉ ትታ አራተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥ በቁም መቀበር መሰላት። ስለዚህ ጸሎቷን ሁሉ ወደ አንድ ነገር አዞረችው፤ ውሃው እንዲመጣ።

ከፋሲካ በኋላ ጸሎቷ የተሰማ መሰለ። ውሃ ወደ ከፍታ ቦታ የሚገፋ ፓምፕ ሊተከል ነው ተባለ። ለጊዜው የሚደርሰው ለአንድ ሰፈር ብቻ ስለሆነ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች መጥተው ችግሩ የባሰበትን ይመርጣሉ። የሚፎካከሩት ላይ ሰፈርና ገደል ማዶ የሚባለው ሰፈር ነበሩ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ልደቱ ይህን በስብሰባ ላይ ሲናገሩ እልልታ ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው ያነሳ ሰው የለም፤ ወሬው ሁሉ እንግዶቹን እንዴት እንቀበላቸው የሚል ሆነ።

ወርቅአየሁ የሴቶቹ አስተባባሪ ሆና ተመረጠች። መንገዱ እንዲጠረግ፣ ሰው ሁሉ የክት ልብሱን እንዲለብስ፣ በየደጁ የተኮለኮለው ጀሪካን ወደ ጓሮ እንዲገባ አደረገች። እንግዶቹ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ እንዳይጠፋም አህያ ተከራይተው በየቤቱ ያለው በርሜል ሁሉ እንዲሞላ አዘዘች። ይሄኔ ጎረቤቷ ሥርጉት አላስችላት አለ። ሥርጉት ምላሷ ሰው የማይምር ሴት ነች።

“ሰዎቹ የሚመጡት ጥማችንን ሊያዩ ነው ወይስ ልጅ ልንድርላቸው ነው?”

ሴቶቹ ሳቁ። ወርቅአየሁ አልሳቀችም።

“ታዲያ ገመናችንን አደባባይ እናስጣው? እንግዳ እኮ ነው የሚመጣው።”

“ምኑ ነው እንግዳ? ደመወዝ የሚበላበት ሥራው ነው።”

“ለእኔ በሬን ያንኳኳ ሁሉ እንግዳዬ ነው፣ ሥርጉት።”

ከሥርጉት ጎን የቆመ አልነበረም። በዚያ ሰፈር ሰው ሲመጣ ቤት ይሰናዳል፤ የተራበ እንኳን ጎረቤት ሲገባበት የባዶ ድስቱን ክዳን አይከፍትም። እንዲህ ሆነው ነው ያደጉት።

በቀጠሮው ቀን መኪናው ሽቅብ እያጓራ መጣ። ከባልደረቦቹ ጋር የወረደው ወጣት ባለሙያ ናኦል ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እየዞረ ትልልቆቹን ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጨበጠ። ባለ ሱቁ ጠሀ ለስላሳ ይዞ ወጣ። ጋሽ ልደቱ እንግዶቹን እየመሩ ወደ ወርቅአየሁ ቤት አስገቧቸው። እሷ ማስታጠቢያውን ይዛ በእጃቸው ላይ ውሃውን ሳትሳሳ አወረደችው። በርሜሉ አፉ ድረስ ሞልቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። የዶሮ ወጡ ቀረበ።

ናኦል አንድ ሁለት ከጎረሰ በኋላ ታብሌቱን አውጥቶ በትሕትና ጠየቃት።

“እናቴ፣ የውሃው ነገር እንዴት ነው እዚህ?”

መልሱን ወገቧ ያውቀው ነበር። ግን እንግዳው በቤቷ ተቀምጦ፣ ጉርሻው ገና ከእጁ ሳይወርድ፣ ጋሽ ልደቱ በኩራት ቆመው እያዩ፣ እሮሮዋን ማዕድ ላይ ልትዘረግፍ አልሆነላትም። አፏ የለመደውን ተናገረ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ምን ጎድሎብን። እናንተን ይጠብቅልን።”

እሱም ፈገግ ብሎ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ቧንቧው ደጁ ላይ ነበር፤ ሲወጣ አጠገቡ አልፎ ሄደ፤ እጁን ዘርግቶ አልከፈተውም። ሴትየዋ ለእንግዳ አፈረች እንበል። እሱ ግን የመጣው ሊያይ ነበር። ሰው አገልግሎት ሊሰጥ ተሹሞ፣ የተጠማ ሰው ደጅ ድረስ ሄዶ፣ ወጥ በልቶ ከተመለሰ ይህን ምን ይሉታል? እግዜር ይቅር ይበለው ከማለት በቀር ቃል የለኝም።

ውጤቱ በአዳራሽ ተነገረ። ፓምፑ ለገደል ማዶ ሆነ። ባለሙያዎቹ እዚያ የደረሱት ሴቶች በውሃ ወረፋ ተጣልተው ጀሪካን ሲወራወሩ ነበር፤ ሰፈርተኞቹ ለመሰናዳት ጊዜ አላገኙም። ላይ ሰፈር ግን አገልግሎቱ በአንጻራዊነት የተሟላ ነው ብሎ ናኦል አነበበ። ወርቅአየሁ በሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ሳታስበው ራሷን ቆማ አገኘችው።

“ልጄ፣ በእጅህ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ እኮ በአህያ የመጣ ነው።”

ናኦል ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት።

“እናቴ፣ ምንም አልጎደለብንም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት።”

ሲመለሱ ጋሽ ልደቱ ከፊት ከፊት ሄዱ። አቀባበሉን በኩራት ቆመው ያዩት፣ እንግዶቹንም እዚያ ቤት ያስገቧቸው እሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ፣ ለሚያገኙት ሰው ነገሩን ያበላሸችው እሷ መሆኗን እየነገሩ ነበር። ሥርጉት ከኋላ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት።

“ድግሱስ አምሮ ነበር፣ ወርቄ። ሙሽራይቱ ናት ሌላ ቤት የገባችው።”

ወርቅአየሁ ከዚያ በኋላ ከሀሴት ጋር አልተከራከረችም። ጀሪካኖቿን ለጎረቤት አከፋፈለች፣ በርሜሉን ለሥርጉት ሰጠች። ከዚያ እናትና ልጅ የነዋሪነት መሸኛ ሊያወጡ ወደ ወረዳው ሄዱ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ቀጸላ መሸኛውን አትማ፣ ማኅተም አሳርፋ ሰጠቻት። ሀሴት አመስግና ዞረች። ወርቅአየሁ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። ከመሄዷ በፊት ያን ቃሏን ልታስተካክል እንደምትፈልግ፣ ውሃ አለ ማለቷ ስሕተት እንደነበረ እንዲመዘገብላት ለመነች።

“ቅሬታ የምንቀበለው ከነዋሪ ነው፣ እናቴ” አለች ቀጸላ። “መሸኛ ወስደዋል። እርስዎ አሁን የእኛ ነዋሪ አይደሉም።”

“እዚያው ነው የተወለድኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው ነዋሪ ያልሆንኩት?”

“አሁን፣ ማኅተሙ ሲያርፍ።”

ወርቅአየሁ ወረቀቱን አየችው። ማኅተሙ ገና አልደረቀም። እሷ መሪ ትገባለች፤ ቃሏ ግን እዚህ ይቀራል፤ ሥርጉትና ሌሎቹ በእሷ ምስክርነት ነገም ዳገቱን ይወጣሉ። መሸኛውን በመስኮቱ መልሳ አስገባችው።

“እንግዲያው ሰርዢልኝና ቅሬታዬን ጻፊ።”

ሀሴት ጆሮዋን አላመነችም። ክንዷን ይዛ ጎተተቻት፣ ሐኪሟን አስታወሰቻት፣ ቤቱን እንዴት እንዳዘጋጀችላት ነገረቻት።

“ቆይ፣ ውሃውን ማን ሊያመጣልሽ ነው?”

“አላውቅም፣ ልጄ። በዋሸሁት ላይ ግን ቤት ዘግቼ አልሄድም።”

ሀሴት እያለቀሰች ወደ ታክሲው ሄደች። ቀጸላ ቅሬታውን ጻፈች፤ ለሚቀጥለው ዙር እንደሚታይ ነገረቻት። ዙሩ መቼ እንደሆነ ስትጠይቃት ገና አልተገለጸም አለቻት። ወርቅአየሁ ይህንኑ ሰምታ ወጣች።

ዳገቱ ግርጌ ስትደርስ ቦኖው ጋ ሰልፉ ተጠማዝዞ ቆሟል። ቤቷ ውስጥ ለፊት መታጠቢያ የሚሆን ውሃ እንኳን እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ያሰበችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ከሰልፉ ጫፍ ሄዳ ቆመች። ከፊቷ ያለችውን ሴት፣ ትርፍ ጀሪካን ይኖራት እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።